መቶ ብር ከፍዬ ያጠፋኋት መብራት

ፍቅረኛዬ ከመኪናዬ ወርዳ፣ ባለ ተረከዝ ጫማዋን አውልቃ በእጇ አንጠልጥላ፣ ሊማሊሞን ሽቅብ በባዶ እግሯ ስትወጣ ቆሜ አይቻታለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም። ያን ቀን የበጠስኩት ፍሬን ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው አንባቢዎቼ። ጊዜው 2010 ዓ.ም. ነው። የ26 ዓመት ጎረምሳ ነኝ። ጎንደር ውስጥ አንድ ባንክ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ታክሱ፣ ጡረታው፣ ምኑ ቅጡ ተቆራርጦ እጄ የምትገባው ደመወዝ 6,200 ብር ናት። በዚህች ደመወዝ ቢ.ኤም.ደብሊው እነዳ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እነዳ ነበር!

የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመለስ ያመጣት መኪና ናት። አገሩን ሁለት ዓመት ሞክሮት አልሆንልህ ሲለውና ወደመጣበት ሊመለስ ሲቸኩል «ውሰዳት፣ ቀስ እያልክ ትከፍለኛለህ» አለኝ። በጋብቻም ቢሆን እንዲህ ያለ ዕድል አይገኝም ብዬ ወሰድኳት። ሞዴሏ 328 ነው። ስድስት ሲሊንደር፣ 2.8 ሊትር ሞተር፣ 193 የፈረስ ጉልበት። ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ሰባት ሰከንድ ያህል ነው የሚበቃት። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስወርድ ባጃጆቹ ሁሉ ቀኝ ጥግ ይይዙልኛል። ስሜ ጠፍቶ «ባለ ቢ.ኤሙ» መባል ጀመርኩ። ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ግን ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር ነበር። መኪና በርካሽ ይገዛል እንጂ በርካሽ አይያዝም። የመኪናዋ ዋጋ በዕድሜዋ ልክ ይወርዳል፤ የመለዋወጫዋ ዋጋ ግን አዲስ በነበረችበት ጊዜ የነበረው ነው። ፈጣን መኪና ለማቆምም ትልልቅ ዲስክ፣ ትልልቅ ሸራ ይፈልጋል። የጓደኛዬ ኮሮላ በአንድ ሺህ ብር የምትሸኘውን ነገር የኔዋ በአምስት ሺህም አትለቀኝም።

ብርቱካናማዋ መብራት

መስከረም ላይ ነው፣ ዳሽቦርዷ ላይ አንዲት ብርቱካናማ መብራት በራች። ክብ ናት፣ ግራና ቀኟ ሰረዝ ሰረዝ ያለባት። ከተማው ውስጥ ስማቸው ወደተጠራ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ጎማውን አውልቀው በባትሪ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የኔ ልጅ፣ የፊት ሸራህ አልቋል።»

«ስንት ይፈጃል ጋሼ?»

«ሸራው 4,800። ሸራው ሲያልቅ መብራት የምታበራው ገመድ ተበልታለች፣ እሷ 700። የእጅ 300።»

በድምሩ 5,800 ብር! የአንድ ወር ደመወዝ ማለት እኮ ነው! ያን ሰሞን ደግሞ ብር ከዶላር አንጻር በ15 በመቶ እንዲቀንስ የተደረገበት ጊዜ ስለነበር የዕቃ ዋጋ በየሳምንቱ ነው የሚጨምረው። «አስብበትና እመለሳለሁ» አልኳቸው። ሽማግሌው ምን እንደማስብ ያወቁ ይመስል «ታዲያ እስክትመለስ ቁልቁለት አትውረድ» አሉኝ።

አልተመለስኩም። ይልቁንም አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አገኘሁ። «መብራቷ ናት ያስቸገረችህ? ቀላል ነው!» አለኝ። ጎማው ሥር ገባ፣ የተበላችውን ገመድ ቆረጠ፣ ሁለቱን ጫፎች አጠላልፎ በፕላስተር ጠቀለላቸው። መብራቷ ጠፋች። መቶ ብር ከፈልኩት። ከጓደኞቼ አንዱ አብሮኝ ነበረ፤ «ጀግና ነህ!» አለኝ። እኔም ጀግና መሰልኩ።

በዚያው ሰሞን ለመኪናዋ ሙዚቃ 6,500 ብር አወጣሁ። ጥምቀት እየመጣ ነዋ! የጥር ሠርግም አለ። ጎንደር ላይ በጥምቀት ሰሞን ድምፅ የሌላት ቢ.ኤም. ይዞ መታየት ነውር መስሎኝ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ለፍሬን 5,800 የለኝም፣ ለስፒከር 6,500 አለኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው።

ከኅዳር በኋላ ፍሬን ስይዝ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማ ድምፅ መጣ። ምን አደረግሁ? ሙዚቃውን ጨመርኩት።

ወደ አዲአርቃይ

ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ የልብ ጓደኛዬ አገባ። ሙሽሪት የአዲአርቃይ ልጅ ናት። እኔ ሚዜ ነኝ። መኪናዬ ደግሞ የሙሽሮች መኪና! በነጭ ጥብጣብና በአበባ አስጊጠናት ገና ሳይነጋ ከጎንደር ወጣን። ሙሽራውን የያዘው ሚኒባስ ቀድሞናል። ከኔ ጋር ሁለት ሚዜዎችና ፍቅረኛዬ አሉ። ፍቅረኛዬ ነርስ ናት፤ የሌሊት ሥራ ውላ አድራ፣ ለኔ ስትል እንቅልፏን ሰውታ ነው የመጣችው።

ወለቃን፣ ቆሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስን አለፍን። እስከ ዳባትና ደባርቅ ያለው መንገድ አብዛኛው ደጋ ላይ ስለሆነ ፍሬኔ ሰው አላስቸገረም። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርዱ ለጉድ ነው። ቡና ልንጠጣ ቆምን። አጠገባችን አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጠዋል፤ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ሊማሊሞን ከጉርምስናቸው ጀምሮ እንደወጡና እንደወረዱ ነገሩን። መኪናዬን በመስኮት አይተው፣

«የኔ ልጅ፣ ሊማሊሞን ወርደህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው አባባ።»

«እንግዲያ አንድ ነገር ልንገርህ። ሽቅብ በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁል ውረድ። ፍሬን ለክፉ ቀን ነው።»

አመሰገንኳቸው። ከዚያም ረሳሁት። እሳቸው የሚያወሩት ስለ ጭነት መኪና ነው፣ የኔዋ የጀርመን ሥሪት ናት ብዬ!

ሊማሊሞን ላላያችሁት፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሸንሽኖ ያወጣው መንገድ ነው። ከደባርቅ ደጋ ተነስቶ ወደ ዛሪማ ቆላ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በአንድ በኩል ግድግዳ የመሰለ ተራራ፣ በሌላው በኩል ታች ያሉትን ዛፎች እንደ ሣር የሚያሳይ ገደል። አናቱ ላይ ያለችውን ወልቀፊትን የጣሊያን ጦር ምሽግ አድርጓት ነበር፤ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ጠላት ለምን እዚያ እንደመሸገ ቦታው ራሱ ይናገራል።

እኔ በአራተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየተንደረደርኩ፣ ኩርባው ጋ ስደርስ ፍሬን እየረገጥኩ ወረድኩ። የመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች በሰላም አለፉ። ከዚያ ሽታ መጣ። የተቃጠለ ጎማና የተቃጠለ ጨርቅ የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታ። ፍቅረኛዬ «ምንድነው የሚሸተው?» አለች። «ከፊት ያለው አይሱዙ ነው» አልኳት። ከፊታችን ምንም አይሱዙ አልነበረም።

ቀጥሎ ያለውን ኩርባ ስቃረብ ፍሬኑን ረገጥኩ። እግሬ ወረደ። ዝም ብሎ ወረደ! ጥጥ የረገጥኩ ነው የመሰለኝ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ትንሽ ያዘና ለቀቀ። ከኋላ ያሉት ሚዜዎች መዝፈናቸውን አቆሙ። በዚያች ቅጽበት ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣው የሽማግሌው ሹፌር ድምፅ ነው። ማርሹን ወደ ሁለተኛ ጎተትኩት። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ ፍጥነቷ ግን ቀነሰ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩ። በዚያች መኪና የእጅ ፍሬኑ የሚሠራው ለብቻው በገመድ ስለሆነ ከዘይቱ ጋር አልሞተም። ከዚያ መሪውን ወደ ተራራው በኩል ሰጠኋት። የፊት ፓራፋንጎዋ ከድንጋዩ ጋር እየተፋጨ፣ ጎማዋ ውሃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመች።

ዝም አልን። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። በሌላኛው በኩል፣ ከገደሉ አፋፍ፣ እኛ ያለንበት ቦታ ስንት እርምጃ ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። አልለካሁትም። መለካትም አልፈልግም።

«እያወቅህ አስቀመጥከኝ?»

አንዱ ሚዜ ሮጦ የመጠጥ ውሃ አምጥቶ የጋለው ዲስክ ላይ ደፋበት። ጭሽሽ! አለ። እሱም ስህተት እንደነበር ኋላ ነው ያወቅነው፤ የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ፍቅረኛዬ ወርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እጇ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ቆይታ «መብራት የላትም እንዴ? የወንድሜ መኪና እንኳ ሸራዋ ሲያልቅ መብራት ታበራለች» አለች። ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። ያ «ጀግና ነህ» ያለኝ ጓደኛዬ ግን ከድንጋጤው ብዛት እየሳቀ ቀደመኝ።

«በመቶ ብር አስጠፍቷት እኮ ነው!»

ቀና ብላ አየችኝ። «እንዳለቀች ታውቅ ነበር?»

ዝም አልኩ።

«እያወቅህ አስቀመጥከኝ?»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸችም። «እኔ ሌሊቱን ስሰፋ ያደርኩት በመኪና አደጋ የመጣ ልጅ ነው» ብላ ጫማዋን አወለቀች። ቀሪውን መጀመሪያ ላይ ነግሬያችኋለሁ። ሽቅብ የሚወጣ አውቶቡስ እጇን ዘርግታ አስቆመችና ሄደች።

ሙሽሪት በሚኒባስ መጣች። ጥብጣቡን ከኔ መኪና ፈትተው እዚያ ላይ አሰሩት። እኔ ሚዜ የተባልኩት ሰውዬ ሠርጉ ላይ የደረስኩት ማታ፣ ያውም በአይሱዙ ጋቢና፣ ሱፌ አቧራ ለብሶ ነው። ጉድ በል ጎንደር!

ሒሳቡ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። መኪናዋ ተጎትታ ደባርቅ፣ ከደባርቅም ጎንደር ገባች። ወደ ሽማግሌው መካኒክ አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። አልተቆጡኝም። ወረቀት አውጥተው ጻፉልኝ። ወረቀቱ ዛሬም አለኝ፦

መጎተቻ፦ 6,000
ሁለት የፊት ዲስክ፦ 11,400
የፊት ሸራ፦ 4,800
የኋላ ሸራ፦ 3,900
የመብራቷ ገመድ፦ 700
የካሊፐር ጎሚኒ መለወጫ፦ 1,200
የፍሬን ዘይት፦ 600
የእጅ፦ 1,500
ፓራፋንጎ ማቅናትና ቀለም፦ 4,500

ድምር፦ 34,600 ብር።

በ5,800 ብር የሚያልቀው ነገር 34,600 ገባ። ስድስት እጥፍ ሊሞላ 200 ብር ነው የቀረው። የአምስት ወር ከግማሽ ደመወዜ ማለት ነው። የሙዚቃውን ዕቃ በ3,500 ሸጥኩት። የእቁባችንን ዳኛ እግር ላይ ወድቄ የሰው ተራ ለመንኩና 15,000 ወሰድኩ። ታላቅ እህቴ 10,000 አበደረችኝ። የቀረውን 6,100 ካጠራቀምኩት ሞላሁ። ለሁለት ወር ያህል ምሳዬ ከቤት የተቋጠረ ሽሮ ነበር።

ዲስክና ሸራው ጎንደር ስላልተገኘ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው የታዘዘው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በአውቶቡስ መጣልኝ። በመሃል አንድ ደላላ ደውሎ «እኔ ጋ የፊት ሸራ በ1,600 አለ» አለኝ። ልቤ ተነሳሳ። ለጋሼ ስነግራቸው የፈረደበትን የድሮ ሸራዬን አንስተው አሳዩኝ። «አየህ፣ ይሄ እንደ ወረቀት ሳስቷል፣ ሆኖም እስከ መጨረሻው ድረስ ይዞልሃል። የምን እንደሆነ ያልታወቀ ሸራ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ድንጋይ ነው፣ ዲስክህን ይበላል። አንዱ ሳሙና ነው፣ ሲሞቅ ይንሸራተታል። ሁለቱም ካርቶናቸው ያምራል» አሉኝ። ርካሽ ነገር መግዛት የሚችል ሀብታም ብቻ ነው ማለት ይሄ ነው።

ለምን እምቢ አለ?

እሳቸው እየሠሩ እኔ ቁልፍ እያቀበልኩ ያስተማሩኝን ላካፍላችሁ። ማንኛችሁም መኪና ያላችሁ፣ ወይም ነገ የምትገዙ፣ ወይም የሰው መኪና ላይ የምትሳፈሩ ብታውቁት አይጎዳም።

ፍሬን ማለት እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት መለወጫ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ120 የምትሄድን መኪና ማቆም በ60 የምትሄደውን አራት ጊዜ እንደማቆም ነው። የቁልቁለቱ ደግሞ ይብሳል። የኔ መኪና እኛን ጨምሮ 1,700 ኪሎ ያህል ትመዝን ነበር። ይህን ክብደት 1,000 ሜትር ቁልቁል ስታወርዱት የሚወጣው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ቢሆን፣ ደባርቅ ላይ ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፋል። ያ ሁሉ እሳት የት ይግባ? ማርሽ ከቀነሳችሁ ሞተሩ አብዛኛውን ይሸከምላችኋል። ካልቀነሳችሁ በአራት ጎማ ሥር ያለች ትንሽ ብረት ላይ ይወድቃል። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ደግሞ ከፍተኛውን ድርሻ የሚሸከመው የፊቱ ነው።

አዲስ ሸራ ከአሥር ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት አለው። መያዝ ብቻ አይደለም ሥራው፤ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ እንዳያልፍም ይከላከላል። ሲሳሳ መከላከሉ ይቀራል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየሩ እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አለው። «ዶት 4» የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ድረስ እንዳይፈላ ነው ደረጃ የወጣለት፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን በ155 ዲግሪም ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። እግሬ ሥር ጥጥ የሆነብኝ ያ ነው። የኔ ዘይት ስንት ዓመቱ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

እንግዲህ እነዚህን ያዙልኝ፦

ፍሬን ሲያዝ የሚያፏጭ ድምፅ ከሰማችሁ ሸራው እያለቀ ሊሆን ይችላል፣ አስፈትሹ። ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ከሆነ ግን አልቆ ዲስኩን እየበላ ነው፤ እያንዳንዱ ቀን ገንዘብ ነው።

ሸራው ሦስት ሚሊ ሜትር ሲደርስ ለውጡት። በብዙ መኪና ላይ ጎማውን ሳታወልቁ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቃችሁ ማየት ትችላላችሁ። ዲስኩም ከስንት ሚሊ ሜትር በታች መውረድ እንደሌለበት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ላይ ተቀርጾበታል።

ስትለውጡ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ለውጡ። አንዱ ብቻ አዲስ ከሆነ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ለውጡ። ከዚህ ሁሉ ወጪ ርካሹ እሱ ነው።

አዲስ ሸራ ከገባ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ረጋ ብላችሁ ንዱ፣ ከዲስኩ ጋር ይላመድ።

ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ በባዶ መንዳት ነዳጅ መቆጠብ ሳይሆን ነፍስ መቁመር ነው። ማርሹን የምትቀንሱት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ፍሬኑን ደግሞ እግራችሁን ጭናችሁበት አትሂዱ፤ ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ ፍጥነት ሲቀንስ መልቀቅ፣ እንዲበርድ ጊዜ መስጠት። ከሞቀባችሁም ውሃ አትድፉበት፤ ሜዳ ላይ አቁማችሁ ነፋስ ይምታው።

የቦሎ ምርመራ አለፍኩ ብላችሁም አትዘናጉ። ምርመራው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ሸራው የሚያልቀው በቀሩት ቀናት ነው።

የዛሬው ዋጋ

ያ የኔ 34,600 ብር ዛሬ ቢሆን የት ይደርስ ነበር? የኔ ጉድ በሆነበት ዓመት አንድ ዶላር 27 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው 100 ብርን አለፈ። ዲስክና ሸራ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። በዚያው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ መያዝ ግድ ሆኗል። እና ዛሬ «ትንሽ ልቆይበት» የሚለው ፈተና ከኔ ጊዜ ይልቅ ይከብዳል። ይገባኛል። እኔ ግን የቆየሁበትን ዋጋ አውቀዋለሁ።

«እኔ ኤሌክትሪክ መኪና ነው የምገዛው፣ ምን ገዶኝ!» የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው፣ ኤሌክትሪክ መኪና ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪ ስለሚሞላ ሸራው ብዙ ይቆያል። ነገር ግን ደባርቅ ላይ ባትሪውን ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ ሊማሊሞን ብትወርዱ፣ የሚገባው ኃይል ማረፊያ ስለማይኖረው ያ መያዝ ይደክማል። ያን ጊዜ የምትደገፉት ያንኑ የድሮውን ሸራና ዲስክ ነው። ቁልቁለት ለማንም አያዳላም።

ገመዷ

ወደ ልጅቷ ልመለስ። አራት ወር አላናገረችኝም። ስልክ ብደውል አታነሳም። ሽማግሌ ልላክ ብል እናቴ «ለዚህ ጉዳይ ሽማግሌው አንተ ነህ፣ ራስህ ሂድ» አለችኝ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሄድኩ። በራፏ ላይ አቁሜ ጠበቅኋት። ከሥራ ስትመጣ መኪናዋን አየቻት፣ እኔንም አየችኝ። የምለውን ሁሉ አጥንቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ። ኪሴ ገብቼ ያቺን ተጠላልፋ በፕላስተር የተጠቀለለች ቁራጭ ገመድ አወጣሁና ሰጠኋት። ጋሼ አዲሷን ሲያስገቡ የድሮዋን «ያዛት፣ ትምህርት ቤትህ ናት» ብለው የሰጡኝ ናት።

አገላብጣ አየቻት። «ይቺ ናት?» አለች።

«እሷ ናት።»

«ሌላ ያጠላለፍከው ነገር አለ?»

አለ እንጂ! ደመወዜ 6,200 ሆኖ ሳለ 9,000 ነው ብያት ነበር። ለአክስቴ ልጅ የቀረብኝን ዕዳ ከፍዬ ጨርሻለሁ ብያታለሁ። ለእህቴ ያለብኝን 10,000 አልነገርኳትም። እዚያው በራፏ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ ዘረገፍኩላት። ስጨርስ እንደምትዘጋብኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ገመዷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ነገ እደውልልሃለሁ» ብላ ገባች። ደወለች። በነገታው ሳይሆን በሦስተኛው ቀን።

ቢ.ኤሟን በ2012 ዓ.ም. ሸጥኳት። ለገዢው የሆነውን ሁሉ፣ የሊማሊሞውን ጭምር፣ ነግሬ ነው የሸጥኩት፤ ዋጋውን ቀነሰብኝ፣ ይሁን። አሁን ትንሽዬ ያሪስ ነች ያለችን። ባጃጆቹ መንገድ አይለቁልኝም።

ገመዷ ዛሬም ቤታችን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አለች። አንዳንድ ማታ ከሥራ ደክሜ ስገባ «ምን ሆነሃል?» ትለኛለች። «ምንም፣ ደህና ነኝ» እላለሁ። ባለቤቴም አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣

«ደህና ነህ? ወይስ አጠላልፈኸው ነው?» ትለኛለች።

ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ እውነቱን እነግራታለሁ።